ጨዋታና ግጥሚያ በቡና አገር

በአማርኛ ‹‹ጨዋታ›› የሚለው ቃል ሕግ ያለውን፣ አሸናፊና ተሸናፊ የሚለይበትን ክንውን ብቻ ሳይሆን ሰዎች ቡና ከበው የሚያወጉትን ወግም ይጠራል፤ ባለቤት እንግዳውን ‹‹ተጫወት እንጂ›› ሲለው ዝም ብለህ አትቀመጥ ማለቱ ነው እንጂ ጠጠር አንሣ ወይም ካርታ ምዘዝ ማለቱ አይደለም። ‹‹ግጥሚያ›› ግን ወግን አያካትትም፤ ሁለት ወገን፣ የታወቀ ሕግና የሚቆጠር ውጤት ይፈልጋል። ‹‹ቁማር›› ደግሞ በሁለቱም ላይ ገንዘብ የሚጨምር ሦስተኛ ቃል ነው። የእነዚህ ሦስት ቃላት ድንበር በየዘመኑ የት የት ላይ እንዳለፈ ለመከታተል የጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች፣ የአጋሮ፣ የሊሙ፣ የጌራና የሰቃ ታሪክ ተስማሚ ነው፤ የሩቅ ነጋዴ፣ የእስልምና ሊቅ፣ የጣሊያን ሹምና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በየተራ የመጡባቸው ቦታዎች ናቸውና። ታሪኩ በቅርብ ሲታይ ድንበሩን የሚያሰምረው የጨዋታው ዓይነት ሳይሆን ሕጉ የሚወጣበት ቦታ ነው፤ ሕጉ ተጫዋቾቹ በተቀመጡበት ሲወጣ ነገሩ ወግ ሆኖ ይቀራል፣ ከሩቅ ተጽፎ ሲመጣ ግን ግጥሚያ ይሆናል።

በዕድሜ ሁሉንም የሚቀድመው ገበጣ ነው። ገበጣ በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ በተደረደሩ ጉድጓዶች የሚካሄድ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ያሉትን ጠጠሮች በሙሉ ዘግኖ በሚቀጥሉት ጉድጓዶች ውስጥ አንድ በአንድ እያኖረ ይዞራል፤ የመጨረሻዋ ጠጠር የምታርፍበት ቦታ መብላቱን፣ መቀጠሉን ወይም ተራውን ማስረከቡን ትወስናለች። የዚህ ጨዋታ ዘመዶች በአብዛኛው አፍሪካና በእስያ ይገኛሉ፤ ባለ ሦስት ረድፉ ግን ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ እምብዛም አይታይም። በየሐና በመጠራ በድንጋይ ላይ ተፈልፍለው የተገኙት የጉድጓድ ረድፎች ጨዋታው ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የነበረ ለመሆኑ ማስረጃ ተደርገው ብዙ ጊዜ ይጠቀሳሉ። በኦሮምኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ሰዴቃ በሚል ስም የሚታወቅ ዓይነት ሲኖረው፣ በሌሎች ሕዝቦችም ዘንድ ሌሎች ስሞች አሉት። መሣሪያው ከሁሉም የቀለለ ነው፤ ከእንጨት የተጠረበ ገበጣ የሌለው ሰው ተረከዙን ወይም ጭራሮ ተጠቅሞ መሬቱን ይጎደጉዳል፣ ለጠጠር ደግሞ ድንጋይ፣ የፍሬ ዘር ወይም የፍየል በጠጥ ይለቅማል።

ቀላል ያልሆነው ሕጉ ነው። የአንድ ቀን መንገድ የሚራራቁ ሁለት ሰዎች ገበጣ ላይ ሲገናኙ፣ ባዶ ጉድጓድ ላይ ያረፈ ጠጠር ይሙት ወይስ የፊት ለፊቱን ይብላ፣ ዙሩ ወደ ቀኝ ይሂድ ወይስ ወደ ግራ፣ በመጨረሻ የተረፈው ጠጠር የማን ይሁን የሚለውን ሳይነጋገሩ መጀመር አይችሉም። ይህ ንግግር የጨዋታው መቅድም ሳይሆን የጨዋታው አካል ነው ማለት ይቻላል፤ ተጫዋቾቹ የየአገራቸውን ልማድ የሚያስታውቁበት፣ አንዱ ለሌላው የሚተውበት፣ ሽማግሌ ካለም የእርሱ ቃል የሚከበርበት ነውና። ሕጉ በአንድ ጥላ ሥር ተወለደ፣ ጨዋታው ሲያልቅም አብሮ አለቀ።

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በጊቤ ሸለቆ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት፣ ሊሙ-እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ ተመሠረቱ። ከእነዚህ ሁሉ ኋላ ላይ ኃያል የሆነችው ጅማ እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ በአባ ጅፋር ቀዳማዊ ሥር ተጠቃልላ እስልምናን የቤተ መንግሥቷ ሃይማኖት አደረገች። ከጅሬን ቤተ መንግሥት በታች የነበረው የሒርማታ ገበያ ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይዘው የሚመጡትንና ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ አልፎም ባሪያ ይዘው የሚመለሱትን ነጋዴዎች ያገናኝ ነበር። ሲራራ ነጋዴ ማለት ዝናብ እስኪያባራ፣ ወንዝ እስኪጎድል፣ አጃቢ ጓድ እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ መጠበቅ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የጨዋታ እናት ነው።

ከእስልምና ጋር ወደ አካባቢው የገባው የሥነ ምግባር ትምህርት ለጨዋታ አዲስ መስመር አሰመረለት። ‹‹ቁማር›› የሚለው የአማርኛ ቃል ራሱ ከዐረብኛው ‹‹ቂማር›› የመጣ ሲሆን፣ አሸናፊው የተሸናፊውን ንብረት የሚወስድበትን ጨዋታ ያመለክታል፤ የእስልምና ሕግ ይህንን በግልጽ ይከለክላል። ገንዘብ የሌለበትን ጨዋታ በተመለከተ ግን ሊቃውንቱ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ በሻፊዒ መዝሀብ፣ ማለትም በኢማም ሻፊዒ በተመሠረተው የሕግ ትምህርት መንገድ፣ ሰንጠረዥ (ቼዝ) ገንዘብ እስካልተያዘበትና ሶላት እስካላስረሳ ድረስ የሚጠላ እንጂ የሚከለከል አይደለም የሚለው አስተያየት ሰፊ ቦታ አለው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ይህ ሚዛን ጨዋታን ከግጥሚያ አይለይም፣ የሚለየው ወግና ግጥሚያን በአንድ ወገን፣ ቁማርን በሌላ ወገን አድርጎ ነው። በኋለኛው ዘመን በጅማ ካርታ ጨዋታ ላይ የተሰነዘረው ወቀሳ በአብዛኛው ከዚህ ሚዛን የሚነሣ ነው።

በዚያው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት በሰሜኑ ቤተ መንግሥቶች የሰንጠረዥ ጨዋታ ከፍ ያለ ክብር ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ1805 ጀምሮ በትግራይ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስና ከእርሱ በኋላ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን የጻፉት እንደሚያሳየው፣ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም የሚለየው በተለይ በአጀማመሩ ነው። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር የተከፋፈለ ቀይ ጨርቅ ሲሆን፣ ንጉሥ፣ ፈርዝ (አማካሪው)፣ ፊል (ዝሆኑ)፣ ፈረስ፣ ደር (ግንቡ) እና መደቅ (እግረኛው) የሚባሉት ጠጠሮች በላዩ ይሰለፋሉ። ሁለቱ ተጫዋቾች ግን ተራ አይጠብቁም፤ ‹‹ወረራ›› በሚባለው በዚህ ምዕራፍ እያንዳንዱ ሠራዊቱን በፈለገው ፍጥነት ያሰማራል፣ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል፣ ያንቀሳቀሰውን መልሶ ይስባል፣ እንደገናም ይገፋል። አንዱ የሌላውን ጠጠር በበላበት ቅጽበት ወረራው ያበቃና ተራ በተራ መጫወት ይጀመራል።

ይህ ጨዋታ ወግና ግጥሚያ በአንድ ጨርቅ ላይ እንዴት እንደኖሩ ከማናቸውም በላይ ያሳያል። ተመልካቾች ዙሪያውን ቆመው እየጮኹ ይመክራሉ፤ መምከራቸውም እንደ ነውር አይቆጠርም። ማሸነፍ ብቻውን ግን አያስመሰግንም፤ ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መግደል ተራ ነገር ነው፣ በዝሆን፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ መግደል ግን የእጅ ጥበብ ነው። ብቻውን የቀረ ንጉሥም አይገደልም፤ ስለዚህ የበረታው ተጫዋች የባላጋራውን ሠራዊት ጨርሶ እንዳይፈጅ እየተጠነቀቀ መጫወት ነበረበት። ሕጉ በቤተ መንግሥት ልማድ የጸና ሆኖ ሳለ ለመኳንንት ጨዋነት ቦታ መተዉ፣ ከዛሬዎቹ የውድድር ደንቦች ብዙዎቹ ያጡት ነገር ነው። ሰንጠረዥ በዚህ መልኩ መጫወቱ ከሃያኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያዎቹ አሠርት ዓመታት ወዲህ አልዘለቀም፤ ቃሉ ራሱ ዛሬ በአብዛኛው በመጽሐፍ ውስጥ በመስመር የተከፋፈለ የቁጥር ማሳያን ይጠራል።

እ.ኤ.አ. በ1878 የነገሡት አባ ጅፋር ዳግማዊ ጎረቤት መንግሥታት በጦር ሲያዙ ለምኒልክ በሰላም ገብተው፣ ዓመታዊ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ቆዩ፤ ራስ ገዝነቱ እ.ኤ.አ. በ1932 ከእርሳቸው ሞት ጋር አከተመ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻና በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ባሉት ወራት ጅማም ተይዛ ለደቡብ-ምዕራቡ ግዛት የአስተዳደር ማእከል ሆነች። ጣሊያኖቹ በሒርማታ አካባቢ መንገድና የአስተዳደር ሕንጻ ሲሠሩ፣ ቡና ቤታቸውንና የቡና ቤት ልማዳቸውንም ይዘው መጡ። አማርኛ ‹‹ካርታ›› የሚለውን ስም ከጣሊያንኛ የተዋሰ ሲሆን፣ ቀዳዳ በሌለው ጠረጴዛ ላይ ኳስ ከኳስ የሚጋጭበት ‹‹ከረንቡላ››ም የጣሊያንኛ ስሙን እንደያዘ ቀርቷል። ሰኔ 1933 ዓ.ም. ጅማ ከጣሊያን እጅ ስትወጣ ሹሞቹ ሄዱ፤ ካርታውና ጠረጴዛው ግን አልሄዱም።

ካርታ ከገበጣ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ገበጣ ላይ ሁሉም ጠጠር ለሁሉም ይታያል፣ ካርታ ግን በእጅ ተሸሽጎ ይያዛል፤ ስለዚህ ተመልካች መምከር አይችልም፣ ቢመክርም ምስጢር ያወጣል። ሁለተኛ፣ ዕድል በሚደባለቅበት ጨዋታ ደካማውም አንዳንዴ ስለሚያሸንፍ ገንዘብ ለማስያዝ ይመቻል። በኢትዮጵያ ከተሞች በጣም ከተስፋፉት የካርታ ጨዋታዎች አንዱ ኮንከር ነው፤ ተጫዋቹ ከክምሩ እየሳበና የማይፈልገውን እየጣለ፣ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸውን ወይም በአንድ ዓይነት ምልክት የሚከታተሉትን ካርታዎች አሰባስቦ እጁን ሲዘጋ ያሸንፋል፤ ጆከር የጎደለውን ካርታ ይተካል። ስሙ ኮንኪያን ከሚባለው የሜክሲኮ ጨዋታና ኩንካን እየተባለ በእስያ ከተሰራጨው ዘመዱ ጋር የሚያያዝ ይመስላል፤ በየትኛው መንገድ ይምጣ በየትኛው፣ አሁን ፍጹም የአገር ልጅ ሆኗል።

ከነጻነት በኋላ ባሉት ዓመታት ቡና የአካባቢውን ከተሞች ሲያሳድግ የጨዋታውም ዓመት እንደ ቡናው ዓመት ሆነ። ቡና በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ይለቀማል፤ ቀይ እሸት ሲሸጥ፣ ጀንፈል ሲሰጣ፣ ሰብሳቢውና አቅራቢው ሒሳብ ሲዘጉ በአጋሮና በሊሙ ገነት ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል። በክረምቱ ግን እጅ ባዶ ነው፤ ዝናቡ ሰውን በየቤቱና በየሻይ ቤቱ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ያው ኮንከር፣ ያው ተጫዋች፣ ያው ጠረጴዛ በሐምሌ የወግ ማጀቢያ ሲሆን በኅዳር ‹‹መደብ›› የሚባል ነገር ሊገባበት ይችላል። መደብ ማለት እያንዳንዱ ተጫዋች አስቀድሞ መሐል የሚያስቀምጠው ገንዘብ ነው፤ መደቡ ከፍ ሲል ወሬ ይቀንሳል፣ ካርታ የሚያድለው ሰው እጅ ይጠበቃል፣ ‹‹ያቺ ዙር ትደገም›› ማለት ጠብ ያመጣል። በጅማ የጫት ማቃሚያ የሆነው የበርጫ ሰዓትም እንዲሁ ሁለቱን ያፈራርቃል፤ መጀመሪያ ላይ ካርታው ለወሬው ሰበብ ይሆናል፣ ምርቃናው ሲገባ ግን ሁሉም ዝም ብሎ እጁን ማየት ይጀምራል።

በወግና በቁማር መካከል የከተማው ሰው ራሱ ያበጀው አንድ ብልሃት አለ፤ ተሸናፊ ከፋይ የሚባለው። ሻይ ቤት ከሆነ የሻዩን፣ ከረንቡላ ወይም ፑል ቤት ከሆነ የጠረጴዛውን ኪራይ የተሸነፈው ይከፍላል። አሸናፊው ኪሱ ምንም አይገባም፤ የተሸነፈውም የከፈለው ጓደኛው ለጠጣው ነው። ሃይማኖተኛ ሰው ይህንንም ቁማር ነው ሊል ይችላል፣ አስተያየቱም መሠረት አለው። ነገር ግን ጨዋታው በቁም ነገር እንዲያዝ የሚያደርግ ትንሽ ሕመም ጨምሮ ወዳጅነትን የማይነካ መሆኑ ሲታይ፣ ይህ ልማድ ብዙ የደንብ አውጪ ኮሚቴዎች ያልደረሱበትን ሚዛን አግኝቷል።

እ.ኤ.አ. በ1971 የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ገበጣና ስለ ዘመዶቹ ሰፊ ጥናት አሳተሙ፤ በመላው ኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን በርካታ ዓይነቶች ከነሕጋቸው መዘገቡ። ጥናቱ ሳያስበው ሁለት ነገር አሳየ፤ አንድ ገበጣ የሚባል ጨዋታ እንደሌለ፣ እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ ገበጣ እንዳለው በወረቀት ላይ አረጋገጠ፣ በዚያው ግን እስከዚያ ድረስ በቃል ብቻ የኖረው ሕግ ሊጻፍ እንደሚችል አሳየ። የተጻፈ ሕግ ደግሞ ዳኛ ይወልዳል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሥርዓቱ ሲለወጥ ደርግ በየቀበሌው መዝናኛ ክበብ አቋቋመ፤ ዳማ፣ ከረንቡላና የጠረጴዛ ቴኒስ ከግል ቡና ቤት ወጥተው በማኅበር ጣሪያ ሥር ገቡ፣ በቀበሌ በቀበሌ የሚደረግ ግጥሚያም የወጣቱ የተለመደ ጊዜ ማሳለፊያ ሆነ።

ገበጣ ሙሉ በሙሉ ወደ ግጥሚያ የተሻገረው የባህል ስፖርቶች በፌዴሬሽን ደረጃ ሲደራጁ ነው። ክልሎች ቡድን ልከው በሚወዳደሩበት ዓመታዊው የባህል ስፖርቶች ውድድር፣ ከገና፣ ከትግል፣ ከፈረስ ጉግስና ከሻህ ጎን ገበጣ በሁለት ዘርፍ ይካሄዳል፤ ባለ 12 ጉድጓድ፣ ማለትም በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት፣ እና ባለ 18 ጉድጓድ፣ ማለትም በሦስት ረድፍ ስድስት ስድስት። ከብዙ ዓይነቶች ሁለት ብቻ ተመረጡ፤ ለእነርሱም አንድ አቅጣጫ፣ አንድ የመብያ ደንብ፣ አንድ ዳኛ ተወሰነላቸው። ያለዚህ የኦሮሚያው ተወዳዳሪ ከትግራዩ ወይም ከሲዳማው ጋር ሊገጥም አይችልም ነበርና ምርጫው ግድ ነበር። ዋጋው ግን መታወቅ አለበት፤ በአያቱ ሰፈር ሕግ ያደገ ጎበዝ ተጫዋች ውድድሩ ላይ ሲቀርብ ያንን ረስቶ ሌላ መማር አለበት፣ የሚመክረው ተመልካችም አጥር ውጭ ቀርቷል።

ከሰፈር ሕግ ወደ ተጻፈ ደንብ የሚወስደው ይኸው መንገድ በሌላው ዓለም እጅግ ባጠረ ጊዜ ሲደገም የታየው በስብስብ ካርታዎች ነው። ስብስብ ካርታ የሚባለው ተጫዋቹ እሽግ እየገዛና ከሌላው ጋር እየተለዋወጠ የራሱን ክምር የሚያበጅበት ጨዋታ ሲሆን፣ ዘርፉን የጀመረው የሒሳብ ምሁሩ ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈለሰፈውና እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ ነው። በመጀመሪያው ደንብ እያንዳንዱ ተጫዋች ከክምሩ አንድ ካርታ ሳያይ አውጥቶ ያስይዝ ነበር፣ አሸናፊውም ሁለቱንም ይወስዳል፤ የአጋሮ ተጫዋች ቢያየው መደብ መሆኑን ወዲያው ያውቀዋል። ሰዎች ካርታቸውን ስለወደዱት፣ ቁማር ነው የሚል ጥያቄም ስለሚያስነሣ፣ ልማዱ በፍጥነት ተተወ። በምትኩ የተደራጀ ግጥሚያ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በሚልዋኪ ተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ የገንዘብ ሽልማት ያለው የባለሙያዎች ውድድር በኒው ዮርክ ተጀመረ። የትኛው ካርታ እንደሚታገድ የሚወስን ዝርዝር ከማእከል ይወጣ ነበር።

በዚያው ዘመን በአላስካ ጥቂት ጓደኛሞች እያንዳንዱ ክምር መቶ የማይደጋገሙ ካርታዎች የሚኖሩት፣ ብዙ ጊዜ አራት ሰው አብሮ የሚቀመጥበት ቀርፋፋ ዓይነት ለራሳቸው አበጁ። ይህን ዓይነት ወደ ዓለም ያሰራጩት ከሁሉም በፊት የውድድር ዳኞቹ መሆናቸው ያስገርማል፤ ቀኑን ሙሉ የተጻፈ ሕግ ሲያስከብሩ ውለው ማታ ማታ ሕጉን ራሳቸው የሚስማሙበትን ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። አሳታሚው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ለዚሁ የተዘጋጁ ክምሮችን ኮማንደር በሚል ስም ሲያወጣ፣ ተጫዋቾቹ ከመጀመራቸው በፊት ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሚፈልጉ ተነጋግረው ይስማሙ የሚለው ልማድ ‹‹ሕግ ዜሮ›› እስከ መባል ደረሰ። ገበጣ ከመጀመሩ በፊት በጥላ ሥር የሚደረገው ንግግር ስም አልነበረውም እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

በጅማ ያ ንግግር አዲስ ቦታ ያገኘው በተማሪ ማደሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤትና በኋላ የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ተቋም በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ ከየክልሉ የመጡ ወጣቶች በአንድ ክፍል ተኙ። ከጎንደር፣ ከሐዋሳና ከድሬዳዋ የመጡ አራት ልጆች በአንድ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ኮንከር ሲጀምሩ፣ የጆከሩ ሥልጣን እስከ የት እንደሆነና የተጣለ ካርታ መቼ እንደሚነሣ መጀመሪያ መከራከራቸው አይቀርም፤ ክርክሩም አንዳንዴ ከጨዋታው ይረዝማል። ከተማዋ በግጥሚያም ስሟን አስጠርታለች፤ በ2010 ዓ.ም. የእግር ኳስ ክለቧ ጅማ አባ ጅፋር ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በገባበት ዓመት ዋንጫውን ወስዷል። ከዚያ ወዲህ በየከተማው የተከፈቱት የስፖርት ውርርድ ቤቶች ግን ሌላ ነገር አመጡ፤ የሚወራረደው ሰው አይጫወትም፣ ሕጉንም፣ ተጫዋቾቹንም፣ ሜዳውንም በስክሪን ብቻ ያውቃል። ከሦስቱ ቃላት ቁማር ብቻውን ቆመ።

ገበጣም ወደ ስልክ ገብቷል። በስልኩ ላይ ጠጠሮቹ ራሳቸው ይቆጠራሉ፣ ራሳቸው ይዞራሉ፣ ያልተፈቀደ ጉድጓድ ሲነካ ምንም አይንቀሳቀስም፤ ተጫዋቹ ‹‹በእኛ አገር እንዲህ አይደለም›› የሚለው ሰው አጠገቡ የለም። በቡና ማስጫው ዳር በጭራሮ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ግን በሐምሌ ዝናብ ይሞላሉ፤ ጥቅምት ላይ የማስጫው አልጋ ተጠግኖ ጀንፈሉ ሲሰጣ፣ የቡናው ጠባቂዎች ከዘንድሮው ሕግ ጋር ሌላ ቦታ ይቆፍሯቸዋል።